ሱቃችን አብሮን እንዳይቀበር

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለአባላት የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድሞ ዓመቱን አሳልፎ ለዚህ ጉባኤ ያደረሰን ፈጣሪ ይመስገን። በዓመቱ ውስጥ ተለይተውን በጋራ ለሸኘናቸውም ምሕረቱን ያብዛላቸው።

ኮሚቴው «ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስለሚጠቅሙ የስልክና የኢንተርኔት መገልገያዎች አንድ ንግግር ያድርጉልን» ብሎ ሲጠይቀኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። እኔ በቡና መቀሸሪያ ቤት ሚዛን ጸሐፊ ሆኜ እንጀራዬን የጀመርኩ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬም ወደ 70 እየተጠጋ ነው። «ልጆቹ እያሉ እኔን ምን ያስመርጣችኋል?» ብዬ ተከራከርኩ። የእድራችን ጸሐፊ ምን ብሎ መለሰልኝ መሰላችሁ? «ልጆቹማ ያውቁታል፤ ችግሩ እኛ ልጆቹን አለመስማታችን ነው። እርስዎ ግን እንደ እኛው ተቸግረው የተማሩት ስለሆነ እርስዎን እንሰማለን» አለኝ። እንግዲህ የምናገረው እንደ አዋቂ ሳይሆን እንደ ተቸገረ ሰው ነውና በዚሁ ዓይን ተመልከቱልኝ።

ነገሬን ከአንድ ሐዘን እጀምራለሁ። የሰውየውን ስም አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባለቤቱም እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ሠፈራችን ውስጥ ሱቅ የነበረው አንድ ወንድማችን ማታ ደኅና አምሽቶ ሌሊት አረፈ። ጥሩምባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ቀቀሉ፤ እንደ ደንባችን ቀበርነው። እድሩም የሚገባውን ገንዘብ ለባለቤቱ ቆጥሮ ሰጠ። እስከዚህ ድረስ ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም።

የጎደለው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህ ወንድማችን እንደ ብዙዎቻችን ክረምት ክረምት በዱቤ ይሸጥ ነበር። እናንተ የምታውቁት ነው፤ በቡና አገር ከሰኔ እስከ ጥቅምት በገበሬው እጅ ገንዘብ የለም። ጨዉንም፣ ሳሙናውንም፣ ዘይቱንም፣ የልጆቹንም ደብተር የሚወስደው «ቡና ሲደርስ እከፍላለሁ» ብሎ ነው። ሰውየው ደግሞ ያረፈው በመስከረም ነበር። ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፤ ገንዘቡ ግን ገና አልገባም።

ባለቤቱ የዱቤ ደብተሩን አምጥታ እንዳነብላት ለመነችኝ። ከፍቼ አየሁት። «የማናው ሰውዬ 4,000» ይላል አንዱ መሥመር። «ባለ ቀይዋ በቅሎ 2,300» ይላል ሌላው። ከሥሩ «የእሱ ወንድም፣ ያው እንደ ባለፈው» የሚል አለ። እንደ ባለፈው ስንት ነው? ባለ ቀይዋ በቅሎስ የትኛው ነው? እሱ በሕይወት ቢኖር ዓይኑን ሳያሽ ይነግረን ነበር። የቀረው ሒሳብ በስልኩ ውስጥ ነው፤ ስልኩ ግን ተቆልፏል፤ መክፈቻውን የሚያውቅ የለም። በየትኛው ባንክ ገንዘብ እንዳለው፣ በስልኩስ ላይ ይኑረው አይኑረው፣ ሚስቱም ልጆቹም አያውቁም ነበር።

የሰውን ደግነት መሸሸግ አይገባምና ልናገር፤ በታኅሣሥ ወር ሦስት ገበሬዎች ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የወሰዱትን በራሳቸው አፍ ቆጥረው ከፈሉ። ሌሎቹ ግን ቀሩ። ይባስ ብሎ «ለሟች ይህን ያህል አበድሬዋለሁ» የሚሉ ሁለት ሰዎች መጡ። እውነት ይሁን ውሸት በምን ይታወቃል? አንደኛውን ከፈለች፤ ሌላውን ተጣላች። ሱቁም በስድስተኛው ወር ተዘጋ።

እኛ ቀብሩን ጨርሰን ስንመለስ ሱቁም አብሮ እንደተቀበረ አላወቅንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ጉዳይ የእድር ጉዳይ ነው ማለት የጀመርኩት። እድር ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ እንዳይበተን የተቋቋመ ነው። ቤተ ሰቡን የሚያኖረው ሱቅ ከተበተነ የእኛ ገንዘብ የስንት ወር ይሆናል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ሰው። ዛሬ በስልካችን ላይ ያሉት መገልገያዎች ብዙዎቹ በነጻ የሚገኙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ነጋዴውን የሚጠቅሙት ይህን አባባል ሥራ ላይ ሲያውሉለት ነው። በአምስት ከፍዬ ላስረዳ።

አንደኛ፤ መዝገብ።

ስለ ስልክ ልናገር መጥቼ መጀመሪያ ደብተር ግዙ ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ግን እንደዚያ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ደብተር አይጠፋም። በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ዱቤ ስድስት ነገር ይጻፍ፤ ቀኑ፣ ሙሉ ስም እስከ አባት፣ ቀበሌውና የስልክ ቁጥሩ፣ የወሰደው ዕቃ፣ የገንዘቡ ልክ፣ የሚከፍልበት ጊዜ። «ባለ ቀይዋ በቅሎ» ይቅር።

ከዚህ በኋላ ስልኩ ይመጣል። ማታ ሱቁን ከመዝጋታችሁ በፊት የዕለቱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሡና በቴሌግራም ላኩት። ቴሌግራም ላይ ሰው ለራሱ መልእክት የሚያስቀምጥበት ቦታ አለ፤ አንዱን እዚያ አኑሩ። ሌላውን ባልና ሚስት ከታላቁ ልጅ ጋር ሆናችሁ በምትከፍቱት ትንሽ ግሩፕ ላይ ላኩት። ሦስታችሁ ብቻ ናችሁ፤ ሌላ ሰው አያየውም። ስልኩ ቢሰረቅ፣ ደብተሩ ቢቃጠል ገጹ አለ። ስልኩ ቀኑንና ሰዓቱንም በራሱ ይመዘግባል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚመዘግበው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እሱ 8 ሰዓት ሲል የእኛ 2 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ የእኛን ቀን በደብተሩ ላይ በእጃችሁ መጻፍ አትርሱ።

መጻፍ የማይችል አባልስ? ለዚህ መልሱ ድምፅ ነው። የቴሌግራሙን የድምፅ ምልክት ተጭኖ «ዛሬ ማክሰኞ፣ ለእገሌ፣ 5 ኪሎ ስኳር፣ ለኅዳር» ብሎ መናገር ነው። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ እንደ ተመቸ። ከተቻለ ያንኑ ለተበዳሪው መላክና «አዎን፣ ወስጃለሁ» የሚለውን መልሱን ማኖር ነው። እናቶቼ ይህን በደንብ ስሙልኝ፤ ፊደል አለመቁጠር ከእንግዲህ መዝገብ ላለመያዝ ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ ከፍ ማለት ለሚፈልግ ጉግል ሺትስ የሚባል በነጻ የሚገኝ የሒሳብ ሠንጠረዥ አለ። መሥመር መሥመር እያደረጋችሁ ትሞላላችሁ፤ ድምሩን እሱ ይሠራል። በጅማ ሱቅ የተመዘገበውን አዲስ አበባ ያለ ልጃችሁ ያየዋል፤ እንዲያይ ከፈቀዳችሁለት ማለቴ ነው። ጉግል ለአንድ ሰው 15 ጊጋባይት የሚሆን ማስቀመጫ ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ይህም ለአንድ ሱቅ ሒሳብ ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል ልጨምር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደሚለው፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ገንዘብ ማበደር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው፤ አለዚያም በፍርድ ቤት በሚደረግ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ምስክር ቆጥሬ አስመሰክራለሁ ማለት ብቻውን አያዋጣም። ያን ጊዜ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበረ፤ ዛሬ ግን ስንት ዕቃ እንደሚገዛ እናንተው ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ አንድ ማስረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ ደንግጓል። ይህ ማለት ግን ወረቀት ቀረ ማለት አይደለም። ጠቀም ያለ ገንዘብ ከሆነ በወረቀት አስፈርሙ፤ ፎቶውንም አንሡ።

ሁለተኛ፤ ለወራሽ የሚቀረው ነገር።

ይህ ክፍል ደስ አይልም፤ ነገር ግን በእድር ጉባኤ ላይ ካልተነገረ የት ይነገራል?

እያንዳንዳችን አንድ ገጽ ወረቀት እንጻፍ። በዚያ ላይ ገንዘብ ያለበትን የባንክ ስምና ቅርንጫፍ፣ የቴሌብር ወይም የሌላ የስልክ ገንዘብ ቁጥራችንን፣ የዱቤው መዝገብ ያለበትን ቦታ፣ ያለብንን ዕዳ እንዘርዝር። የሚስጥር ቁጥር ግን አይጻፍ! ይህን አደራ እላለሁ። የሚስጥር ቁጥር ለሚስትም፣ ለልጅም፣ ለእድር ጸሐፊም አይሰጥም። ቤተ ሰብ የሚያስፈልገው ቁጥሩን ማወቅ ሳይሆን ገንዘቡ መኖሩንና የት እንዳለ ማወቅ ነው። ባንክ የሟችን ገንዘብ የሚሰጠው ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላወጣ ሰው ነውና፤ ወራሹ የትኛውን ባንክ መጠየቅ እንዳለበት ካላወቀ ግን ማስረጃው ብቻውን ምን ያደርግለታል?

ጉግል ላይ መዝገብ ለሚያኖር ሰው ደግሞ የሚደንቅ ነገር አለ። ባለቤቱ ለ3፣ ለ6፣ ለ12 ወይም ለ18 ወር ድምፁ ከጠፋ ለመረጣቸው ሰዎች መልእክት ሄዶ የፈቀደላቸውን መዝገብ እንዲያወጡ የሚያደርግ ነጻ አገልግሎት አለው። እስከ 10 ሰው መምረጥ ይቻላል። የልጅ ልጄ ይህን ስታሳየኝ «አባባ፣ እነሱም እድር አላቸው ማለት ነው» አለችኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተን የግል ሒሳብ ሊሰርዝ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ወራሻችሁን መርጣችሁ ሙሉት። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው።

ሦስተኛ፤ ክፍያ።

ገንዘብ በስልክ ማስተላለፍ በአካባቢያችን አገሮች በሰፊው የታወቀው ኬንያ በ1999 ዓ.ም. ኤምፔሳን ከጀመረች ወዲህ ነው። በእኛ አገር ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ ኤምፔሳም በሳፋሪኮም በኩል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገባ። የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርም አለ። በእነዚህ ለመገልገል የግድ ትልቅ ስልክ አያስፈልግም፤ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ለቴሌብር፣ ኮከብ 847 መሰላል ብሎ ለሲቢኢ ብር በትንሿ ስልክ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይቻላል።

የተታለልኩትን ደግሞ ልንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ አንድ ደኅና የለበሰ ወጣት መጣ። ሁለት ካርቶን ዘይትና አንድ ኬሻ ስኳር አስጫነ። «ጋሼ፣ ልኬልዎታለሁ፤ ይኸውና» ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ስሜ ተጽፏል፤ የገንዘቡ ልክ ተጽፏል። ባርኬ ሸኘሁት። ማታ ሒሳቤን ስመለከት አንድም ሳንቲም አልገባም! ያየሁት ተሠርቶ የመጣ ሥዕል ኖሯል። ጥፋቱ የመገልገያው አይደለም፤ የእኔ ነው። በገዛ ስልኬ ማየት ሲገባኝ በሰው ስልክ አየሁ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር።

ስለዚህ ሦስት ደንብ ያዙ። ክፍያ ገባ የሚባለው በራሳችሁ ስልክ ቀሪ ሒሳባችሁን ስታዩ ነው፤ የሌላ ሰው ስልክ ማስረጃ አይደለም። የደረሰ የመልእክት ጽሑፍም ቢሆን ተመስሎ ሊላክ ስለሚችል ሒሳቡን ራሱን ክፈቱና እዩ። «ከባንክ ነው የምደውለው፤ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚላችሁ ሰው ሌባ ነው፤ ዝጉት። ሦስተኛውም፣ የሱቁንና የቤቱን ገንዘብ በአንድ ቁጥር አትቀላቅሉ።

ይህ ሁሉ መዝገብ ሌላም ጥቅም አለው። ከዚህ በፊት ባንክ ለብድር የሚጠይቀን ቤት ወይም መኪና ነበር። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» እና «እንደ ኪሴ» የሚባሉ አነስተኛ ብድሮችን፣ «ሳንዱቅ» የሚባል ቁጠባም ጀመረ። ለእንዲህ ያለው ብድር ዋሱ ቤት ሳይሆን ሰውየው በስልኩ ሲቀበልና ሲከፍል የኖረበት ታሪኩ ነው። ነገር ግን ብድር ብድር ነው፤ የአገልግሎት ክፍያውን አስቀድማችሁ አስሉ፤ ለሠርግና ለድግስ አትበደሩት።

አራተኛ፤ የቡና ዋጋ።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ነገር ትዝ አለኝ። በ1967 ዓ.ም. ክረምት በብራዚል ብርቱ ውርጭ ወርዶ ቡናውን አቃጠለው። በዚያ የተነሣ የዓለም ዋጋ እያሻቀበ ሄዶ በ1969 ዓ.ም. እስከዚያ ድረስ ያልታየ ጣሪያ ነካ። እኔ ያን ጊዜ ሚዛን ላይ ተቀምጬ ፈረሱላ እቆጥር ነበር። ገበሬው ዋጋው ለምን እንደ ወጣ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። የሚያውቀው ሩቅ ያለው ገዢ ነው፤ ትርፉም የእሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኒውዮርክ ገበያ ዋጋ የ1969ኙን አልፎ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በዚህ ጊዜ ግን በአጋሮ ያለ ልጅ ዋጋውን የኒውዮርክ ነጋዴ ባየበት ቀን በስልኩ አየው። ልዩነቱ ይህ ነው።

አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ማለትም 37 ፓውንድ ተኩል ያህል። ስለዚህ በፓውንድ 4 ዶላር ሲባል በኒውዮርክ ለፈረሱላ 150 ዶላር ገደማ ነው። ታዲያ «150 ዶላር በዚህ ቀን ምንዛሬ ተባዝቶ ይሰጠኝ» ብላችሁ ከሰብሳቢው ጋር እንዳትጣሉ። ያ ዋጋ ታጥቦና ተለቅሞ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ዋጋ ነው፤ ጀንፈል ሲቀሸር ግማሽ ያህሉ ገለባ ሆኖ ይቀራል፤ እሸቱ ደግሞ ከአምስት ስድስት ኪሎ አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው የሚወጣው። ማጓጓዣውም፣ ቀረጡም አለ። የኒውዮርኩ ዋጋ የሚጠቅመው ገበያው ወደ ላይ ይሂድ ወደ ታች ለማወቅ ነው።

ለእኛ የቀረበው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋ ነው። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡናን በ2001 ዓ.ም. መገበያየት ጀመረ። የሚገበያየውም በፈረሱላ ስለሆነ ለእኛ ለመረዳት ቀላል ነው። የዕለቱን ዋጋ በድረ ገጹ ያወጣል። የዶላር ምንዛሬም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ ባንኮች በየቀኑ የሚያወጡትን ማየት ይጠቅማል። ጥቅምት ሳይገባ ሳምንት በሳምንት ዋጋውን በደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉ፤ መከሩ ሲደርስ እናንተም እንደ ገዢው መዝገብ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ።

አምስተኛ፤ ማጣራትና መታወቅ።

ቡናም ሆነ ማር በዱቤ የሚወስድ እንግዳ ነጋዴ ሲመጣ ፈቃዱን ማጣራት ይቻላል። የንግድ ሚኒስቴር ኢ-ትሬድ የሚባል ድረ ገጽ አለው፤ የሰውየውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስታስገቡ ፈቃዱን ያሳያችኋል። ወረቀትን አስመስሎ መሥራት ይቻላል፤ የመንግሥትን መዝገብ ግን እንዲያ በቀላሉ አይመስሉትም። በዚሁ ድረ ገጽ የራሳችሁን ምዝገባና ዕድሳትም መከታተል ትችላላችሁ።

ስለ መታወቅ ደግሞ፣ በአባ ጅፋር ዘመን የሄርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ሰው ከሩቅ ይመጣ የነበረው ገበያው የሚቆምበትን ቀንና ቦታ ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ እንግዳ ሰው የሚጠይቀው ስልኩን ነው። በርጩማ የምትጠርቡ፣ ማር የምትሸጡ፣ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ጉግል ካርታ ላይ ቦታችሁን፣ ስልካችሁን፣ የምትከፍቱበትን ሰዓትና ፎቶ ያለ ክፍያ አስመዝግቡ። የጅማ በርጩማ ስሙ የታወቀ ነው፤ የጠራቢው ቤት ግን አይታወቅም። ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ ገዢ ጋር ለመጻጻፍም የጉግል ተርጓሚ አማርኛን ከ2008 ዓ.ም.፣ አፋን ኦሮሞን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ይተረጉማል። ለሰላምታና ለዋጋ ይበቃል፤ ውል ግን በእሱ አትፈርሙ፤ ይሳሳታል።

መዝገብ ምን ድረስ እንደሚያደርስ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የቡና ጥራት ውድድር አሸናፊዎች ቡና በኢንተርኔት ጨረታ ሲሸጥ፣ የሲዳማው አንደኛ በፓውንድ 185 ዶላር ወጣ። ያ ቡና ጣዕሙ ብቻ አልነበረም የሸጠው፤ የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ተለይቶ ስለሚታወቅ ጭምር ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ወደዚያ የሚገባ ቡና የተመረተበት ማሳ ቦታ እንዲታወቅ ይጠይቃል። የሚጸናበት ቀን ተደጋግሞ ቢተላለፍም ሕጉ አልቀረም። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ያንን ነጥብ የልጆቻችሁ ስልክ ያሳያል። በጎማ፣ በማና፣ በጌራ፣ በሊሙ ማሳ ያላችሁ አባላት ከኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

አሁን የምትጠይቁኝን አውቃለሁ። ሻይ ላይ ስንጫወት ብዙዎቻችሁ ያነሣችሁት ነው። «ሁሉ ነገር ከተጻፈ ግብር ሰብሳቢው አያየውም ወይ?»

በግልጽ ልመልስ። ሊያየው ይችላል። ግን በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ የሆነውን አስታውሱ። በብዙ ከተማ ነጋዴው «ተበዛብኝ» ብሎ አቤት አለ፤ በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። አቤት ሲባል «የቀን ሽያጭህ ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። መዝገብ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ግምትን የሚያሸንፍ ግምት የለም፤ ግምትን የሚያሸንፈው መዝገብ ነው። እኔ በበኩሌ ያለኝን ታይቶብኝ ብከፍል፣ የሌለኝን ተገምቶብኝ ከምከፍል ይሻለኛል።

ንግግሬን ከመደምደሜ በፊት ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በአባላት መዝገባችን ላይ «የሒሳብ ማውጫ ገጽ ጽፎ ለቤተ ሰቡ አሳውቋል ወይ?» የሚል አንድ ዐምድ ይጨመር። ገጹ ራሱ እድሩ ዘንድ አይቀመጥ፤ መጻፉን ብቻ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ወርኃዊ መዋጮ በምንሰበስብበት ቀን ከአባላት ልጆች ሁለት ሦስቱ ተቀምጠው ስልክ ላልለመዱት እንዲያሳዩ ይደረግ። እኛም እንታገሣቸው፤ እነሱም ስልኩን ከእጃችን ነጥቀው ራሳቸው አይሥሩት፤ በገዛ ጣታችን ይንካ። ሦስተኛ፣ ነጋዴ የነበረ አባል ሲያርፍ ከሰልስቱ በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ከባለቤቲቱ ወይም ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለው መዝገቡን እንዲያዩ፣ «አበድሬው ነበር» የሚልም ሰው በእነሱ ፊት ማስረጃውን እንዲያቀርብ ደንብ ይውጣ። ይህ ደንብ ያን ጊዜ ቢኖረን ኖሮ ያቺ እኅታችን ያልተረጋገጠ ዕዳ አትከፍልም ነበር።

እሷ ዛሬ እዚህ መካከላችን አለች። ሱቁን ባትመልሰውም በረንዳዋ ላይ ጉሊት ዘርግታለች። ባለፈው ወር ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ ገንዘብ ጎደለኝና «በኋላ አመጣለሁ» አልኳት። ምን አደረገች መሰላችሁ? ደብተሯን አወጣች፤ ስሜን እስከ አባቴ ጻፈች፤ «አባባ፣ የስልክ ቁጥርዎን ይንገሩኝ» አለችኝ፤ ከዚያም ገጹን ፎቶ አነሣችው። ሃያ ዓመት የምታውቀኝ ጎረቤቷ ነኝ፤ ትንሽ ቅር ሊለኝ ነበር። መንገድ ላይ ግን ሳስበው ደስ አለኝ። ዕዳዬንም በማግሥቱ ከፈልኩ፤ እሷም በፊቴ ሰረዘችው።

 ፈጣሪ ለከርሞው ጉባኤ በጤና ያድርሰን።